ሽማግሌ የላከው ኮምፒውተር

ወሬው እንዲህ ነው። ጋሮማ የሚባለው የነቀምቴው ኮምፒውተር ጠጋኝ አምስት መስመር ኮድ ጽፎ ሚስት አገኘ። ቁልፉን ሲጫነው ኮምፒውተሩ ለአፍታ አሰበ፤ ከዚያ የልጅቱን ስም፣ የተወለደችበትን ቀን፣ የአባቷን ቤትና ሽማግሌ የሚላክበትን ሰዓት አከታትሎ አወጣለት። ይህ የነቀምቴው ቅጂ ነው። ወሬው ዲጋ ሲደርስ ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ሰባት ልጃገረዶችን መርምሮ ውድቅ አድርጓል። ሲሬ ሲደርስ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ የሄደው ራሱ ላፕቶፑ ነው፤ ጋቢ ደርቦ፣ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ጋቢውን እንኳ እንተወው። ጋሮማን በቅርብ የሚያውቅ ሰው የቀረውንም ለማመን ይቸገራል። ወሬው ከየት እንደተነሳ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል። በአዴ አዳነች ሻይ ቤት ከጋሮማ ጋር አንድ ጠረጴዛ የሚጋሩት ጡረተኛው የሒሳብ አስተማሪ ጋሽ ሠርፀ ብቻ ወደ ማንም አይጠቁሙም። ዝም ብለው ሻያቸውን በማንኪያ ያማስላሉ። ስኳር ካቆሙ ግን ስድስት ዓመታቸው ነው።

መቼም ሻይ ቤት ባለበት ሁሉ አንድ ጋሮማ አይጠፋም። የሰው ልጅ ችግር እስከ ዛሬ የቆየው ኮድ የሚጽፍለት ስላጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ነው። ዝናቡ በዛ ሲባል፣ ከነቀምቴ ጊምቢ ያለው መንገድ ተበላሸ ሲባል፣ አክስቱን ጉልበታቸውን ሲያማቸው፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ለዚህማ አምስት መስመር ይበቃዋል!» ይህን ብሎ ሶኬቱ አጠገብ ካለው ወንበሩ ላይ ይደላደላል። ላፕቶፑ ባትሪው ስለሞተ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ አያውቅም፤ ክቡርነታቸው ጋሮማም እንደዚያው።

እርግጥ ከአምስቱ መስመር ሥራ የሚሠሩት አራቱ ናቸው። የመጀመሪያው መስመር ሁልጊዜ «አዘጋጅ፦ ጋሮማ» የሚል ጽሑፍ ማውጫ ነው።

ከሥራዎቹ ጥቂቱን እናንሳ። አዴ አዳነች የሚጠብሱት ቦንቦሊኖ አንድ ቀን ይተርፋቸዋል፣ አንድ ቀን ያጥራቸዋል። ይህን የሰማው ጋሮማ ሁለት ሳምንት ሙሉ በላተኛ ሲቆጥር ከረመና ቅዳሜ ማለዳ ውጤቱን ይፋ አደረገ።

«አዴ፣ ዛሬ የሚጠበሰው ኔጌቲቭ አራት ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«አራት ሲቀነስ። ከዜሮ በታች።»

«እና ዱቄቱን ትቼ ከሰው ሆድ አራት ላውጣ?»

ጋሮማ ዳታ አንሶ ነው አለ። አዴ አዳነች ግን ከዚያ ወዲህ ቦንቦሊኖ ሲያልቅባቸው ደንበኛን «የለም» ብለው አይመልሱም። «ኔጌቲቭ ገብተናል» ነው የሚሉት።

ቀጥሎ የወዳጁ የዋጋሪ ሰርግ መጣ፤ ዲጋ ላይ። እንግዳው ብዙ፣ አዳራሹ ጠባብ፣ የሁለቱ ወገን ዘመድ ደግሞ ወንበር ላይ ቀልድ የማያውቅ ነበር። ጋሮማ የአቀማመጡን ነገር ለእኔ ተዉት አለና ኮምፒውተሩን አዘዘው። ኮምፒውተሩም ሕዝቡን በፊደል ተራ ደረደረ። ሙሽራዋ ቦንቱ ከ«በ»ዎቹ ጋር ሦስተኛው ጠረጴዛ ደረሳት። ሙሽራው ከ«ወ»ዎቹ ጋር አሥራ አንደኛው ጠረጴዛ፣ ከምሰሶው ጀርባ ተመደበ። ሰርጉን የሚባርኩት መጋቢ ሙሽራውን በማይክሮፎን ጠርተው ነው ያስመጡት።

የጋሽ ሠርፀ ጉዳት ግን ከዚህ ይብሳል። እሳቸው የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለሁለት ዓመት ነቀምቴ ተመድበው መጡ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማሩ፣ እዚሁ ጡረታ ወጡ። ከጡረታ በኋላ የቀራቸው ትልቅ ደስታ በጋዜጣ ጀርባ የሚወጣው ሱዶኩ ነው፤ ያ ዘጠኝ በዘጠኝ የቁጥር ሰንጠረዥ፣ በየረድፉና በየዓምዱ አንድም ቁጥር ሳይደገም የሚሞላው። አንዱን ለመጨረስ በእርሳስ ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። አንድ ሐሙስ ጋሮማ በትከሻቸው በኩል አጮልቆ አየና ቁጥሮቹን ወደ ላፕቶፑ ገለበጠ።

«ጋሼ፣ ላይ ጥግ ያለችው ሰባት ናት።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ፕሮግራሜ ሁሉንም አውጥቶታል እኮ! ግማሽ ሰከንድ! ከሰባቷ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ዘጠኝ...»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል!»

«ድካም ልቀንስልዎት ብዬ ነው።»

«ምሳዬን ቀምተህ በልተህ፣ እንኳን ጠገቡ ትለኛለህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሠርፀ ወንበራቸውን አዙረው፣ ለጋሮማ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ጠረጴዛውን ግን አልቀየሩም። ሌላ ባዶ ጠረጴዛ ጠፍቶም አይደለም።

ባለፈው ነሐሴ ታዲያ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ጋሮማ ዝም አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አሥር ቀን። ጣሪያው አፈሰሰ፤ አምስት መስመር አላለም። አንድ ሹፌር መሪው ወደ ግራ እየጎተተ አስቸገረኝ ብሎ ሲያማርር ሰማ፤ አንገት ደፍቶ ቀረ። አዴ አዳነች ሥጋት ገባቸው።

«ባርሲሳ» አሉ ወደ ጋሽ ሠርፀ ጠጋ ብለው፤ አስተማሪን ነዋሪው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው። «ይኼ ልጅ ታሟል። እስቲ ዞር ብለው ያነጋግሩት።»

ጋሽ ሠርፀ ከሱዶኩው ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸውን አዞሩ።

«ምን ሆነህ ነው?»

ጋሮማ ነገሩን አፈሰሰው። ጉቴ የምታስተምር ሊሊሴ የምትባል የኬሚስትሪ አስተማሪ አለች። የትምህርት ቤቷን ፕሪንተር ሊጠግን ሄዶ ነው የተዋወቃት። ያ ፕሪንተር በዓመት ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ተጠገነ፤ ከሁለተኛው በኋላ ያለው ሁሉ ምንም ሳይጎድለው ነው። በመጨረሻ ጋሮማ ድፍረት አግኝቶ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷም መልሳ ጠየቀችው፦ «የተወለድኩት መቼ ነው?»

ጋሮማ አያውቅም። ዓመት ሙሉ ስለ ኮድ ሲነግራት አንድም ቀን አልጠየቃትም።

«እንግዲያው ፈልገህ አግኘው» አለችው። «የቀኑና የወሩ ቁጥር ሲባዛ ስልሳ አምስት ነው። ወሩ ከቀኑ ይበልጣል። በዚያ ቀን ሽማግሌህ አባቴ ቤት ከደረሰ እሺ። ቀኑ ካለፈ ግን ለመስከረም ጊምቢ ዝውውር ጠይቄያለሁ፤ እሄዳለሁ። አትደውልልኝ።»

«እና ምን አልካት?» አሉ ጋሽ ሠርፀ።

«ለዚህማ አምስት መስመር ይበቃዋል አልኳት።»

«ፊት ለፊቷ?»

«ፊት ለፊቷ።»

ቤቱ ገብቶ ጻፈው። ቀኖቹን አንድ በአንድ ውሰድ፤ ወሮቹን አንድ በአንድ ውሰድ፤ አባዛቸው፤ ስልሳ አምስት ከሆነና ወሩ ከበለጠ አውጣልኝ። ቁልፉን ተጫነ። «አዘጋጅ፦ ጋሮማ» የሚለው ወጣ። ከሥሩ ባዶ ነው። እንደገና ተጫነ። ያው። አሥር ቀን ሙሉ ሲጫነው ከረመ።

«ይዩት ጋሼ» አለ ላፕቶፑን እያዞረ። «ጋሮማ፣ ከዚያ ምንም። ብቻዬን ነኝ ማለት ነው። ሊሊሴ ዝም ብላ የምትናገር ሰው አይደለችም። መልስ የሌለው ጥያቄ ሰጠችኝ፤ በጨዋ ደንብ እምቢ ማለቷ ነው።»

ጋሽ ሠርፀ ስክሪኑን አላዩም። ስልሳ አምስትን ነው ያዩት። በአምስት የሚያልቅ ቁጥር ነው፤ ለአምስት ሲካፈል አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት ደግሞ ከዚያ በታች አይበተንም። ሌላ መንገድ የለውም። ሻዩ ገና ያጨስ ነበር።

«ጳጉሜ አምስት» አሉ።

«አቤት?»

«አምስት ጊዜ አሥራ ሦስት ስልሳ አምስት ነው። አሥራ ሦስተኛው ወር ጳጉሜ ነው። ልጅቱ የተወለደችው ጳጉሜ አምስት ቀን ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ከወንበሩ ይዘል ነበር። ጋሮማ ግን በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ጳጉሜን ረስቼ መሰልዎት? ይኸው፣ ወር ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ብዬ ጽፌያለሁ። እንዲያውም ከፈረንጅ መጽሐፍ ነው የገለበጥኩት። ወር ሲያስቆጥር አሥራ ሦስት ብሎ አገኘሁት። መጀመሪያ ሳየው ዕንባዬ ነው የመጣው፤ ለካ ፈረንጅም ጳጉሜያችንን ያከብርልናል ብዬ። ስለዚህ ማሽኑ ጳጉሜንም አይቷታል። አይቶ ነው የለም ያለው።»

«አምስት ጊዜ አሥራ ሦስት ስንት ነው?»

«ስልሳ አምስት።»

«እና?»

«እና ማሽን አይሳሳትም።»

«ኧረግ!» አሉ ጋሽ ሠርፀ። ማባዛት የማያውቅ ተማሪ በሕይወታቸው ብዙ ገጥሟቸዋል። ማባዛት እያወቀ የሚክድ ግን የመጀመሪያቸው ነበር።

አዴ አዳነች ትሪያቸውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ባርሲሳ ጳጉሜ ነው አሉህ እኮ!»

«አዴ፣ ይኼ በስሜት አይሆንም።»

«ቦንቦሊኖዬን ኔጌቲቭ ያስገባው ማሽን ነው ዛሬ የማይሳሳተው?»

ጋሽ ሠርፀ እጃቸውን አነሱ፤ ክፍል ሲንጫጫ የሚያነሷት ያቺ እጅ ናት።

«ማባዛቱን ይተወው» አሉ። «ይህ ማሽንህ ወሮቹን ብቻ ይቁጠርልኝ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ጮክ ብሎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

ጋሮማ ለሽማግሌ ክብር ሲል ብቻ ጻፈ፤ ያንኑ ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት የሚለውን። ተጫነው። ቁጥሮቹ እርስ በርስ እየተገፉ ወረዱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።

ቆመ።

«ቀጥል በለው» አሉ ጋሽ ሠርፀ።

«ጨርሷል።»

«አሥራ ሦስትስ?»

ጋሮማ ቁልፉን እንደገና ተጫነ፤ ያው አሥራ ሁለት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል። አዴ አዳነች አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩና «ያ ዋቃ! ጳጉሜን በላት!» አሉ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነበር። በዚያ የኮምፒውተር ቋንቋ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አይቆጠርም። አጥር ነው፤ እዚያ ድረስ ሂድ፣ እሱን ግን አትንካ ማለት ነው። ፈረንጁ አሥራ ሁለቱን የራሱን ወሮች ብቻ ፈልጎ ነው አሥራ ሦስት ብሎ የጻፈው። ጳጉሜን አላከበረም፤ ስለ ጳጉሜ ሰምቶም አያውቅም። በዓለም ላይ ያን መስመር አንብቦ በደስታ ዕንባ ያቀረረው ጋሮማ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሮማ አሥራ ሦስቱን አጥፍቶ አሥራ አራት አደረገው። ከስሙ ሥር 5 እና 13 ጎን ለጎን ወጡ።

ጋሽ ሠርፀ «ነግሬህ ነበር» ለማለት አፋቸውን ከፈቱና ሻይ ጠጡበት።

ቀኑ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ስድስት ቀን ቀረ። ያ ማለት ሽማግሌ የሚላከው በዓመት በዓል ዋዜማ ነው፤ ሰው ሁሉ ለበዓል በሚራወጥበት፣ ባጃጅ እንኳ በማይገኝበት ቀን።

«በበዓል ዋዜማ ማን ለአንተ ብሎ ጉቴ ይሄዳል?» አሉ ጋሽ ሠርፀ።

«ማንም አይሄድም» አለ ጋሮማ። «ለዚህማ» ብሎ እንኳ አልጀመረም። ይኸው ሳይሆን አይቀርም ጋሽ ሠርፀን ያሸነፋቸው።

«በል፣ ካፖርቴን አምጣ ስልህ ታመጣልኛለህ» አሉት። «የሰርግ ልብሴ እሱ ነው።»

ጳጉሜ አምስት ጋሽ ሠርፀ ከጋሮማ ቤተ ክርስቲያን ሁለት አዛውንት ጨምረው ጉቴ ገቡ። የሊሊሴ አባት ኦቦ ነመራ በጭቃ ጫማ ከጓሮ መጡ። «አካም ጂርቱ» ተባባሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ከዚያ ኦቦ ነመራ በትሕትና ነገሩን አነሱት።

«ባርሲሳ፣ እንግዳ መቼም አይጠላም። ግን ነገ ዓመት በዓል ነው። ዛሬን ለምን መረጣችሁ?»

«ዛሬ ልጅዎ የተወለደችበት ቀን ስለሆነ ነው።»

ኦቦ ነመራ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

«ቃሜ አምስት» አሉ በመጨረሻ፤ ጳጉሜን በኦሮምኛ ጠርተው። «እውነት ነው። በዚህ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ልደቷን ከበዓሉ ጋር ደርበን ነው የምናልፈው። እኛም እንረሳዋለን። ማን ነገረው ልጁን?»

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የሆነ ሰው ቀረብ ሲል ወለሉ ጮኸ። ጋሽ ሠርፀ ይህን ሰሙ።

እንግዲህ ጋሽ ሠርፀ በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ለተሳሳተ መልስ አንዲት ነጥብ ሰጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ትክክል ለሆነውም ቢሆን አሠራሩን ካላሳየ ግማሹን ይነሱታል። ራሱ ያልሠራውን የክፍል ሥራ «የእኔ ነው» ብሎ ያቀረበ ተማሪ ከፊታቸው ቆሞ አያውቅም። እኚህ ሰው ናቸው ካፖርታቸውን ከአንገታቸው አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዚያ ሁሉ አዛውንት ፊት እንዲህ ያሉት፦

«ማንም አልነገረውም። ራሱ ነው ያገኘው። በኮምፒውተር። አምስት መስመር ጻፈ፣ አንድ ጊዜ ተጫነ፣ ወጣ።»

አንዴ ከጀመሩት ላይቀር «በግማሽ ሰከንድ» ብለው ጨመሩበት።

ከመጋረጃው ጀርባ የሊሊሴ ሳቅ አመለጠ። ኦቦ ነመራም ሳቁን ሰምተው መልሱን ከእሱ ወሰዱ። ሊሊሴ የጊምቢውን ዝውውር ተወችው። ሁለቱ አዛውንት ደግሞ ነቀምቴ ሳይደርሱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ እያሉ፣ የኮምፒውተሩን ጥበብ ለአሥራ አንድ ተሳፋሪ አስረዱ። ወሬው እንግዲህ የወጣው ከዚያ ሳሎን ነው። ያወጡት ጋሽ ሠርፀ ናቸው። ለምን እንዳደረጉት ቢጠየቁ ልጁ የተጨነቀው እውነተኛ ጭንቀት ነው ይሉ ነበር፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ጥቅምት ላይ ኦቦ ጂሩ የሚባሉ የሲሬ ነጋዴ ሻይ ቤቱ ገቡና ጋሮማ የቱ ነው ብለው ጠየቁ። ሲያሳዩዋቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው» አሉ። «ሁሉን ሰምቻለሁ። የሰባቱን ልጃገረዶች ነገር ሰምቻለሁ። ልደቷን በግማሽ ሰከንድ እንዳወጣህ ሰምቻለሁ፤ ጉቴ የሄዱት ሽማግሌ ራሳቸው መስክረዋል። ላፕቶፑ ጋቢ ለብሶ ሄደ የሚሉት ይጋነናል ብዬ ትቼዋለሁ። ባለ ሞያ ነህ፤ ለወንድሜም ጻፍለት።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ። ጋሮማ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቀን መጣች፤ ማለት ያለበት አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፣ እሷም ከአፉ ተነጥላ አታውቅም። ጋሽ ሠርፀ፣ ውሸታቸው ሊያዝ አፋፍ ላይ መሆኑ ገብቷቸው፣ «ተቀበለው» በሚል ዓይን አዩት። አዴ አዳነች ትሪ እንደያዙ ቆሙ።

ጋሮማ ላፕቶፑን ዘጋው።

«ውሸት ነው፣ ኦቦ ጂሩ» አለ። «ሰባት ልጃገረድ የለም፤ ግማሽ ሰከንድም የለም። ቀኑን ያገኙት እኚህ ሰውዬ ናቸው፤ በጭንቅላታቸው፣ እርሳስ እንኳ ሳያነሱ። ኮምፒውተሩ ‹የለም› ነበር ያለኝ። እሱን አምኜው ቢሆን ሊሊሴ ይኼኔ ጊምቢ ናት።»